የወንድሜ የወገብ ልክ

ደብረ ታቦር ከተማ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በነዚህ ዓመታት ከመቀሱም ከካውያውም በላይ የጠቀመኝ ዝምታ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ሜትሩን ወገቡ ላይ አዞራለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ጮክ ብዬ ግን አልናገርም። ይህን ያስተማረኝ የስፌት መኪናውን ትቶልኝ ያረፈው አሠሪዬ ነው። «የሰው ልክ እንደ ንስሐ ነው፤ የሰማኸውን አትድገመው» ይለኝ ነበር።

ደንበኛው ነጋዴ ከሆነ ችግር የለም። ከእብናት እህል ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ሱሪው ጠቦት ሲመጣ «እሰይ፣ ተመችቶሃል!» ስለው ፊቱ ይበራል፣ ሻይ ይጋብዘኛል። ውፍረት እኛ አገር የምስክር ወረቀት ነው። ሚስቱ በደንብ እንደምታበላው፣ ንግዱ እንደቀናው፣ በሽታ እንዳልደፈረው ይመሰክርለታል። የከሳ ሰው ግን ገበያ መሀል ሳይቀር «ምነው፣ ምን አገኘህ?» እየተባለ መተንፈሻ ያጣል።

ለቤተ ክህነት ሰው ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የቄስ ወይም የመርጌታ ወገብ ከሰፋ ወሬ ነው። «ጾሙን እንዴት ነው የሚጾሙት?» ይባላል። «ተዝካር አያመልጣቸውም» ይባላል። ስለዚህ የካህን ሱሪ ሳሰፋ «ታጥቦ ተሰብስቧል» እላለሁ። እሳቸውም «አዎ፣ ይኼ የዛሬ ሳሙና» ይላሉ። እንዲህ ተከባብረን እንኖራለን። ይህ መከባበር ግን ወንድሜን ሊገድልብኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የዜማ መምህር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ደብር ያስተምራል። ሰው ሁሉ የኔታ ይለዋል። እኔም ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን «አያ» እያልኩ እንደ ልጅነታችን አንተ እለዋለሁ። ፊቱ ቀጭን ነው፣ እጁ ቀጭን ነው፣ ባቱ ላይ ሥጋ የለም። ከጋቢው ውጭ የሚታየው ሁሉ ቀጭን ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍራም ነኝ። እናታችን «አንደኛው ይበላል፣ ሁለተኛው ይወፍራል» እያለች ትስቅብን ነበር።

ወንድሜ ስለ ሆዴ ሳይገሥጸኝ ያለፈ በዓል ትዝ አይለኝም። «ይኼ ሆድህ አንድ ቀን ልብህን ተጭኖ ይደፋሃል። እኔን እይ!» ይለኛል። ከዚያ ከመደቡ ላይ ይነሳና ጋቢውን ገለጥ አድርጎ የሱሪውን ወገብ ያሳያል። «ይኸው፣ መርጌታ ከተባልኩበት ቀን ጀምሮ አንድ ሱሪ! ቁልፉ እዚያው፣ ወገቡ እዚያው።»

ሱሪውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ቆርጬ ብቻዬን የጨረስኩት የመጀመሪያው ሙሉ ልብስ ነው፤ ግራጫ ጋባርዲን፣ ኮቱ ባለ ሦስት ቁልፍ። ወንድሜ ለበዓል ብቻ ነው የሚለብሰው። በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ እንዳድሰውና እንድተኩሰው ያመጣልኛል። ቁልፉ በእርግጥ እዚያው ነበር። ወገቡ ግን እዚያው አልነበረም።

አንድ ዓመት ሲያመጣው የኋላው ስፌት ተተርትሮ ነበር። «አይጥ ነው መሰለኝ» አለኝ። አይጥ ጨርቅ ይበላል እንጂ ክር እየመረጠ አይበጥስም። ነገር ግን ምን ልበለው? «አያ፣ ወፍረሃል» ብለው ሱቄ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይሰማል፤ እስከ ማታ ድረስ የኔታ ጾም ይበላሉ እስከመባል ይደርሳል። ስለዚህ ስፌቱ ውስጥ ከተውኩት ትርፍ ጨርቅ ሁለት ጣት ለቀቅ አድርጌ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ሰጠሁት። ሲለብሰው ልክ ሆነለት። «አየህ?» አለኝ። «አየሁ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሳይነግረኝ አሰፋለት ጀመር። የኮቱን እጅጌ የምለካ መስዬ ሜትሩን ወገቡ ላይ ሽው አደርጋለሁ፣ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ፣ በሚቀጥለው ቀን እተረትራለሁ። ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅ ከዚያው ጋባርዲን የተቀመጠ ቁራጭ ፈልጌ ከኋላ፣ ኮቱ በሚሸፍነው ቦታ፣ እንደ ሽብልቅ አስገባሁ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። እንደዚያ ያለ የማይታይ ስፌት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሰፍቼ አላውቅም።

ወንድሜ ጾም ይበላል እያልኩ አይደለም። እኔ ምስክር ነኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፉ አይዞርም። ነገር ግን ከንጋት ጀምሮ መደቡ ላይ ተቀምጦ ተማሪ ይሰማል። ድሮ ጾሙን ሲፈታ የሚቀርብለት የገብስ ቂጣ፣ ባቄላ፣ ድንች ነበር። አሁን የኔታን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ስኳር ያመጣል፣ ብስኩት ያመጣል፣ ለስላሳ በሣጥን ያመጣል። ወንድሜ በባዶ ሆዱ ላይ ነጭ ዳቦና አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ይደርብበታል፤ ሻይውም አንድ ብርጭቆ አይደለም። ድሮ ከተማ የሚመጣው በእግሩ ነበር። አሁን ባለ ባጃጁ ሁሉ ለመባረክ ሲል እያቆመ በነጻ ያሳፍረዋል። እግሩ ቀጭን የሆነው ስለማይሠራ ነበር፤ እኛ ግን የጾም ፍሬ ነው እንል ነበር።

ወደ ሆስፒታል የሄድኩት ስለ ራሴ ነው። ከገበያው ወደ ሰፈራችን የምትወስደው አቀበት ላይ ሁለት ጊዜ እያረፍኩ መውጣት ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ወር ሙሉ ነዘነዘችኝ። መጨረሻ ላይ ከስፌት መኪናዬ ላይ አስነስታ ወሰደችኝ።

መመርመሪያው ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ሲስተር ነበረች። መጀመሪያ ሚዛን ላይ አቆመችኝ። ቀጥላ ሜትር አወጣችና ወገቤ ላይ አዞረች። ሜትሩ ከጀርባዬ በኩል ተጠማዞ ነበር፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። «የኔ ልጅ፣ ከኋላ ዞሮብሻል፤ አንድ ሁለት ሴንቲ ያሳስትሻል» አልኳት። አስተካከለችና «እርስዎ ደግሞ የያዙልኝ ቦታ ልክ አይደለም» አለችኝ። እኔ ወገብ የምለው ሱሪው የሚታሰርበትን ነው፤ የወፍራም ሰው ሱሪ ደግሞ ከሆዱ በታች ነው የሚታሰረው። እሷ የመጨረሻዋን ጎድኔን በጣቷ ፈለገች፣ የዳሌዬን አጥንት ፈለገች፣ መሀላቸው ላይ አዞረችው። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች። በር ላይ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ለክቼ ሆዱን አንድም ቀን እንዳልለካሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ነበር፤ ስኳሬ ገና ድንበሩ ላይ ነው አለችኝ። የጠበቅኩት የባሰ ስለነበር «ይኼን ሁሉ ሥጋ ተሸክሜ?» አልኳት። «ክብደት ብቻውን ሁሉን አይናገርም» አለች። «እንደርስዎ ወፍራም ሆኖ ስኳሩ ገና ያልተበላሸ አለ፤ እሱም ቢሆን ነጻ ነኝ እንዳይል። ሌላው ደግሞ ቀጭን ይመስላል፤ ስቡ ግን ሆዱ ውስጥ፣ ጉበቱና አንጀቱ ዙሪያ ተቀምጧል። ክፉው ይኼኛው ነው። ስኳሩን ያዛባል፣ ግፊቱን ይጨምራል፣ የደሙን ቅባት ያበዛል። እነዚህ ሲተባበሩ የልብን የደም ሥር እያጠበቡ ይሄዳሉ። ሰውየው እስኪወድቅ ድረስ አንድ ቀን እንኳ ላያመው ይችላል።» ቀጥላም ምልክቱን ነገረችኝ፤ ደረት መጨምደድ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ በብርድ ማላብ።

«ከቤተሰብ በልብ የሞተ አለ?» አለችኝ።

«የለም። አባታችን በመጋኛ ነው የሞተ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዴት ነበር?»

ነገርኳት። ገብስ እየወቃን ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። አባቴ መንሹን አስቀመጠና ደረቱን ያዘ። ግራ እጁን ያሻሽ ነበር። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁበት፤ «ውሃ» አለ፣ ውሃው ሲመጣ ግን አልጠጣውም። አገሩ ሁሉ መጋኛ መታው አለ፤ እኛም አልን። አባቴ ያን ጊዜ ወንድሜ ዛሬ ካለበት ዕድሜ ያነሰ ነበር። እሱም ክንዱና እግሩ ቀጭን ነበር፤ በቀጭንነቱም ይመሰገን ነበር።

«ወንድም እህት አለዎት?»

«ታላቅ ወንድም አለኝ።»

«እሱም ወፍራም ነው?»

«የለም፣ እሱ እንኳ ቀጭን…» ብዬ ጀመርኩና ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ደብተሬ ትዝ አለኝ።

ቤቴ ገብቼ የወንድሜን ገጽ አወጣሁ። ሰማንያ ብሎ ይጀምራል። ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ስምንት እያለ ዘጠና ሰባት ላይ ደርሷል። ይህ በኔ አለካክ፣ ከሆድ በታች ያለው ነው። በሲስተሯ አለካክ ስንት እንደሚሆን ማሰቡ ራሱ አስፈራኝ። የወንድሜን በሽታ ከሱ በፊት፣ ከሐኪም በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ በእጄ ጽሑፍ ይዤው ነበር።

የቅበላ እሑድ ወደ ደብሩ ሄድኩ። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ሲስተሯ አዛኛለች። ወንድሜ ከክርስትና ቤት መመለሱ ስለነበር ያንን ሱሪ ለብሶታል። ተማሪዎቹ ከበውት ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ሆስፒታል እንሂድ፤ ይመርመሩ» አልኩት። «አባታችንም በልብ ሳይሆን አልቀረም የሞተ።»

«አባታችን በመጋኛ ነው የሞተ» አለ ወንድሜ። «አንተ ነህ በሆድህ የምትሞት።» ተማሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ እንደ ልማዱ ተነስቶ ጋቢውን ገለጠና ሁለት ጣቱን የሱሪው ወገብ ውስጥ አስገባ። «እይ! ይኸው ሁለት ጣት ይተርፈኛል። ይኼን ያህል ዘመን ጾሜ ልብ ይታመማል? ልብ የናንተ የወፍራሞች በሽታ ነው።»

የተረፈው ሁለት ጣት ለጥምቀት የጨመርኩለት ነበር። መናገር ነበረብኝ። ተማሪዎቹን አየሁ፣ ነገ የሚገባውን ዐቢይ ጾም አሰብኩ፤ መምህርን በጾም ዋዜማ አላዋርድም፣ ከፋሲካ በኋላ ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ደግሞስ ጾሙ ያሳሳው የለ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የፈራሁት እሱን ብቻ አልነበረም። የማይታየው ስፌቴ እንዲታይ አልፈለግኩም።

ሁዳዴ እንዲህ አለፈ። በየሳምንቱ ወደ ደብሩ እሄዳለሁ፣ በየሳምንቱ ሳልናገር እመለሳለሁ።

የስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ስግደቱ ብዙ ነው። እኔ ወደ ኋላ ሆኜ ጥቂት እሰግዳለሁ፣ ጥቂት ጉልበቴን ይዤ እተነፍሳለሁ። ወንድሜ ያንኑ ሱሪ ለብሶ ፊት ቆሞ ይመራል። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ሲሆን ድምፁ ጠፋብኝ። ቀና ብል ቦታው ላይ የለም። ወጥቼ ስፈልገው ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ተቀምጧል። ሁለት ዲያቆናትና አንዲት ባልቴት አጠገቡ ነበሩ።

«ጨጓራዬ ነው» አለኝ። «ባዶ ሆድ ስለሆነ ነው።»

«ጨጓራ ነው የኔታ» አሉ ባልቴቷም። «ጠበል ቀመስ ያድርጉና ይለቅዎታል።»

ከጉና በኩል ብርድ ይነፍስ ነበር፤ የወንድሜ ግንባር ግን በላብ ርሷል። ቀኝ እጁ ግራ ክንዱን ያሻሽ ነበር። ያንን እጅ አውቀዋለሁ። ገብሱ አውድማ ላይ አይቼዋለሁ።

«ሆስፒታል እንሂድ፣ አሁኑኑ!» አልኩ።

«ሥርዓቱ ሳያልቅ? በስቅለት ቀን? ሰውስ ምን ይላል?» ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር የሚናገረው። «ልብ ነው ልትል ነው መቼም። እኔ ሱሪዬን…»

«አሥራ ሰባት!» ብዬ ጮህኩ።

ግቢው ውስጥ የነበረ ሁሉ ዞረ። የማደርገውን አላውቅም ነበር፤ አለቅስ ነበር መሰለኝ።

«አሥራ ሰባት ሴንቲ አስፍቼዋለሁ! በየዓመቱ እየተረተርኩ ያሰፋሁት እኔ ነኝ! ወገብዎ እዚያው አይደለም። ከኋላ ሌላ ጨርቅ ገብቶበታል፤ ባያምኑኝ ይዳስሱት!»

ዲያቆናቱ መሬት መሬት አዩ። ወንድሜ ቀስ ብሎ እጁን ከጋቢው ሥር ወደ ኋላው ላከ። ጣቶቹ ሲፈልጉ፣ ስፌቱን ሲያገኙ፣ ሽብልቁን ከላይ እስከ ታች ሲከተሉት በጋቢው ላይ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ያየሁት ግን እፍረት ነው።

«ባጃጅ ጥራ» አለኝ።

ሐኪሙ የልቡ አንደኛው የደም ሥር ተዘግቶ እንደነበር ነገረን። «ሥርዓቱ እስኪያልቅ ቢጠብቁ ኖሮ አይደርሱም ነበር» አለ። ከልቡ ጡንቻ የተጎዳ አለ፤ የተጎዳው አይመለስም፤ የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል። ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ እንደኖረ ከደሙ ታወቀ። ደሙን የቀዳችው ያችው ሲስተር ነበረች። ወንድሜን አየችው፣ ሆዱን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

ለተጨማሪ ሕክምና ባሕር ዳር ተላከ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩት። ሐኪሞቹን ያናግራል፣ ዘመድ ያናግራል፣ እኔ ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በሦስተኛው ስመለስ ወረታ ላይ መኪናው ሰው ሲያወርድ መስኮቱን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አብራኝ የነበረችው ባለቤቴ ልታጽናናኝ አልሞከረችም። «ስሙን አድናለሁ ብለህ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነብህ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከጰራቅሊጦስ በኋላ ከተማሪዎቹ አንዱ ሱቄ ድረስ መጣ። «የኔታ ሜትሩን ይዞ ይምጣ ብለዋል» አለኝ።

መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ሲያስተምር አንድ ሐረግ ይልና ያርፋል፣ ሌላ ሐረግ ይልና ያርፋል። ድሮ ድምፁ ከመቅደሱ ተነስቶ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር፤ አሁን እፊቱ የተቀመጡት ተማሪዎች እንኳ ጆሯቸውን አዘንብለው ነው የሚሰሙት። ከልቡ ላይ የሞተችው ቁራጭ የዜማው ቁራጭ ነበረች።

ተማሪዎቹን ራቅ አደረጋቸውና «ተቀመጥ» አለኝ። «ለኔ አዝነህ አይደለም የደበቅኸኝ። ለስሜ ሠግተህ ነው። ስሜ ልብ የለውም፤ ልብ ያለኝ እኔ ነኝ።»

«ይቅር በለኝ አያ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ግን ንስሐ አለብህ። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ መጥተህ ትለካኛለህ። ቁጥሩን ደግሞ ጮክ ብለህ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ ትናገራለህ።»

ተማሪዎቹ ተጠሩ። ወንድሜ ጋቢውን አውልቆ ቆመ። እንደ ሲስተሯ ጎድኑን ፈለግኩ፣ የዳሌውን አጥንት ፈለግኩ፣ መሀሉ ላይ አዞርኩ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ልክ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «መቶ ሁለት!» ከስቶም መቶ ሁለት ነበር። ተማሪዎቹ ወዴት እንደሚያዩ ጠፋባቸው። መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀስ በቀስ ሄደ። ሻዩን ያለ ስኳር ሲጀምር «ሐሞት ነው» እያለ ሁለት ሳምንት አማረረ። ለስላሳውን ለሚያመጡት ሰዎች «ባቄላ አምጡልኝ» ይላቸዋል። ባጃጅ አልሳፈርም ሲል ባለ ባጃጆቹ የኔታ ተቀየሙን ብለው ሽማግሌ ሊልኩ ነበር። የጠዋት ክኒኑን በውሃ መዋጥ ጾም እንደማያስገድፍ የንስሐ አባቱ አስረግጠው ነገሩት። «እኔም ስንቱን ሰው እንዲሁ ብዬ መክሬያለሁ» አለኝ አንድ ቀን፣ ክኒኑን መዳፉ ላይ እያየ። ሱሪውን ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ሽብልቁን ፈትቼ አወጣሁት፤ ደብተሬ ውስጥ በሱ ገጽ ላይ አለ።

አገሩ ግን አልተለወጠም። «ወንድምህ አለቀ እኮ፣ አብላው እንጂ» እያሉ ገበያ ላይ ይይዙኛል። ሦስት ሴቶች ቅቤ ይዘው መጥተውለታል። እኔም በየሳምንቱ ስመላለስ ትንሽ ብቀንስ ባለቤቴን ወደ ጥግ ወስደው «ደኅና ነው?» ብለው ጠየቋት። አንድ ቄስ ደግሞ የጠበባቸውን ሱሪ አስረክበውኝ «ሳሙናው ነው» ሲሉ «አይደለም አባቴ፣ አራት ሴንቲ ጨምረዋል፤ ይመርመሩ» አልኳቸው። ሱሪውን ነጥቀውኝ እጎኔ ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄዱ። ከወር በኋላ በሱቄ ሲያልፉ ቆም አሉና፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ «ሆስፒታሉ ውስጥ የሚለኩት በየትኛው በር ነው?» አሉኝ።

ባለፈው ፋሲካ አንድ ዓመት ሞላን። ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ባለው ቅዳሜ እንደተለመደው ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። ወንድሜ ዘጠና ሦስት ደርሶ ነበር፤ ወራት ሙሉ እዚያው ላይ ይዞታል። የዚያን ቀን ግን ፊቱ ጠቁሯል። የፋሲካ ሌሊት ማኅሌት ቆሜ እጨርሳለሁ ብሎ ሞክሮ አልቻለም፤ ሁለት ሰው ደግፎ አስቀምጦታል። እሱ ተቀምጦ እየሰማ የሌላ መሪ ድምፅ ቀድሞት ሄዷል። ይህን የነገሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው፤ እሱ አላነሳውም።

ሜትሩን አዞርኩ። ዘጠና ስድስት ይላል። የበዓሉ ሳምንት ነው፤ ድፎ ዳቦው ገና አጠገቡ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እሱ ሜትሩን አያይም ነበር፤ ደክሞት ሩቅ ያያል። ዛሬ ብቻ ብል ምን አለበት አልኩ። ዘጠና ሦስት ብለው ደስ ይለዋል፤ የዛሬን ይተንፍስ፤ በሚመጣው ወር ይስተካከላል። ይህን ሳስብ አውራ ጣቴ እኔን ሳያማክር ሜትሩ ላይ ሁለት ጣት ያህል ተንሸራትቷል። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው።

አፌን ስከፍት ወንድሜ ዓይኑን ከሩቁ መልሶ ፊቴን አየኝ። የስቅለቱ ዕለት እጁ ከጋቢው ሥር ሆኖ ስፌቴን ሲዳስስ ታየኝ።

«ዘጠና ስድስት» አልኩ።

ወንድሜ ራሱን ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ዳቦውን ብድግ አድርጎ ለተማሪዎቹ አቀበላቸው። «ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚህ አይደር» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እጁን ዘረጋ።

«ሜትሩን አምጣ። አሁን አንተ ቁም።»

ቆምኩ። ጎድኔን ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት፤ «የት ደብቀኸዋል?» አለኝ። አዞረው፣ አጠበቀው፣ ጎንበስ ብሎ አነበበው። ቀና አለና ትንፋሹን ሰብስቦ «መቶ አሥራ ስምንት!» አለ።

ድምፁ ግቢውን አልፎ ደጀ ሰላሙ ድረስ ሄደ። እዚያ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ ዞረው ሆዴን አዩት። ይዩት፤ ያንን ድምፅ ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።